አብዱስ ሰላምን ለተማሪ እንዴት እንደምነግር

ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የሳይንስ ክበብ አለን። ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ ልጅ ይመጣል። በዓመት አንዷን ቅዳሜ ግን ለአንድ ሰው ብቻ እሰጣታለሁ። ለኖቤል ተሸላሚው ፓኪስታናዊ ፊዚሲስት ለአብዱስ ሰላም። የምመርጠው ከጥምቀት በኋላ ያለችውን ቅዳሜ ነው። ሰውየው የተወለደው ጥር 21 ቀን 1918 ዓ.ም. ነውና፤ የአስተርዮ ማርያም ዕለት። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 29 ቀን 1926 ይሆናል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ሌሎች አስተማሪዎች «ያንን ፕሮግራም እንዴት ነው የምትሠሪው?» እያሉ ይጠይቁኛል። በቃል ስነግራቸው ግማሹ ይረሳኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ወላጅ ብትሆኑም ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ከኖቤል አትጀምሩ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከዚያ ጀመርኩ። ሽልማቱን፣ ዓመቱን፣ ማዕረጉን ሰሌዳው ላይ ደረደርኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ጥያቄ አልመጣም። ሽልማቱ ሰውየውን አርቆ ሰቀለባቸው። አሁን ሽልማቱን የምነግራቸው ወደ መጨረሻው ነው።

የምጀምረው ካደገበት ከተማ ነው። ጃንግ ይባላል። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ፣ ፑንጃብ ክልል ይገኛል። ሰላም ልጅ ሳለ አገሩ ገና በእንግሊዝ ትገዛ የነበረችው ህንድ ነበረች። አባቱ በትምህርት ቢሮ ይሠሩ ነበር። (ስሙን በእኛ ብንመልሰው «ገብረ ሰላም» እንደማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ወዲያው ይቀርቡታል።) ሰላም ካደገ በኋላ የሚያወራት አንዲት የትምህርት ቤት ትዝታ አለች። አስተማሪው ስለ ተፈጥሮ ኃይሎች እያስተማረ ነው። ስበትን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጃንግም አለ። ቀጥሎ ማግኔት አሳያቸው። ከዚያ ኤሌክትሪክ ላይ ደረሰ። ኤሌክትሪክ ጃንግ ውስጥ አይኖርም አላቸው፤ የሚኖረው የክልሉ ዋና ከተማ ላሆር ነው። የኑክሌር ኃይልስ? እሱማ የሚኖረው አውሮፓ ብቻ ነው፤ አትጨነቁበት አለ።

እዚህ ላይ ቁሙ። እኔ «ኤሌክትሪክ ጎንደር ይኖራል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ይሟሟቃል። «ይኖራል» የሚል አለ። «ትናንት ማታ አልነበረም» የሚል አለ። አንዷ ልጅ ከገጠር የመጣች ናት፤ «እኛ ቀበሌ ምሰሶው ነው እንጂ መብራቱ ገና አልመጣም» አለች። ይህን ወሬ አታቋርጡት። አምስት ደቂቃ ይውሰድ፣ አሥርም ይውሰድ። ጃንግ ሩቅ አገር መሆኑ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ «የኑክሌር ኃይልስ ጎንደር ይኖራል?» በሉ። እስካሁን «አዎ» ያለኝ ልጅ የለም። ያኔ ከቦርሳዬ ሙዝ አወጣለሁ። ጠዋት ቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን። ሙዝ ውስጥ ፖታሺየም አለ። ከዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ፖታሺየም-40 የሚባለው ነው። ይህ አቶም ብዙ ዘመን ይቆይና አንድ ቅጽበት ላይ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። በአንድ ሙዝ ውስጥ በየሰከንዱ 15 ገደማ አቶሞች እንዲህ ይለወጣሉ። የሚለውጣቸው ደካማው የኑክሌር ኃይል ነው። ሰላም ዕድሜውን ሙሉ ያሰበበት ይኸው ኃይል ነው። አውሮፓ ብቻ አይኖርም። ከቅዳሜ ገበያ በፌስታል መጥቷል።

ልጆች «ታዲያ እንዴት ይበላል?» ብለው ይደነግጣሉ። መልሱን ተዘጋጅታችሁ ግቡ። የራሳችን ሰውነትም ፖታሺየም አለው። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ በየሰከንዱ ከ4 ሺህ በላይ አቶሞች እንዲሁ ይለወጣሉ፤ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ የኖረበት ነገር ነው። ይህን ተናግሬ ሙዙን ቆራርጬ አካፍላቸዋለሁ።

ከዚያ ወደ ደጅ እናወጣቸው። የጥር ፀሐይ ጎንደር ላይ ጠንካራ ናት። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይቁሙ። ፀሐይ ውስጥ የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች እየተጋጩ ይዋሃዳሉ። ለመዋሃድ ግን አንዱ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን መለወጥ አለበት። ይህን ማድረግ የሚችለው ደካማው ኃይል ብቻ ነው። ደካማ ስለሆነም ሥራው ዝግ ያለ ነው። ፀሐይ በአንዴ ነድዳ ያላለቀችው ለዚህ ነው። 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ 5 ቢሊዮን ያህል ደግሞ ይቀራታል። ጀርባቸው እየሞቀ ሲሰሙት ሌላ ነገር ነው።

ወደ ክፍል ስንመለስ ስለ ፈተናው ቶሎ ብዬ አልፋለሁ። በ14 ዓመቱ ማትሪክ ተፈተነ። በፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እስከዚያ ቀን ያልታየ ከፍተኛ ውጤት አመጣ። ከላሆር በብስክሌት ሲመለስ የጃንግ ሰው ነቅሎ ወጥቶ ተቀበለው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ብዙ አትቆዩበት። ልጆቹ «እሱማ ሲፈጠር ጎበዝ ነው» ብለው እዚያው ይዘጉታል። ይልቅ በ1946 ካምብሪጅ የገባበትን ዕድል ንገሯቸው። ለጦርነት የተሰበሰበ ገንዘብ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ገንዘቡ ለአነስተኛ ገበሬ ልጆች የትምህርት ዕድል ዋለ። በዓመቱ ህንድና ፓኪስታን ተከፈሉ፤ የትምህርት ዕድሉም በዚያው ቀረ። ሰላም ያመለጠው በአንድ ዓመት ልዩነት ነው። ጎበዝ ሆኖ ዕድሉ ያላገኘው ልጅ ስንት ይሆን? ይህን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ያነሱታል።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። ሰላም ምን ሠራ? «ደካማውን ኃይልና ኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይል አንድ አደረገ» ይላል መጽሐፉ። ለ10ኛ ክፍል ልጅ ይህ ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ነገር አንድ ሲሆን በእጃቸው ይንኩት።

የሚያስፈልገው ሁለት ሜትር ቀጭን የተሸፈነ ሽቦ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖልና ኮምፓስ ያለው ስልክ ነው። ስልኩ የማግኔት ከቨር ካለው አውልቁት፤ አለዚያ ኮምፓሱ ይዘባርቃል። ርካሽ ስልኮች ላይ ኮምፓስ ላይኖር ስለሚችል ቀድማችሁ ፈትሹ። ሽቦውን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄድ መስመር ስልኩ ላይ ሽቦው እስከሚበቃ ድረስ ደጋግማችሁ ጠምጥሙት። አምፖሉን መሐል አስገብታችሁ ድንጋዮቹን አገናኙ። አምፖሉ ሲበራ የኮምፓሱ መርፌ ይዞራል። ሽቦውን ከድንጋዮቹ አላቅቁ፤ ይመለሳል። የድንጋዮቹን አቅጣጫ ገልብጡ፤ መርፌው ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። አምፖሉን ደግሞ አትተዉት። በመጀመሪያው ዓመት ያለ አምፖል አገናኘሁና ሽቦው ግሎ የአንድ ልጅ ጣት አቃጠለብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህን ነገር በ1820 ያየው ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ነው። ከዚያ በፊት ኤሌክትሪክ ሌላ፣ ማግኔት ሌላ ይመስል ነበር። በ1860ዎቹ ማክስዌል ሁለቱን በሒሳብ አንድ አደረጋቸው። ብርሃንም ከዚያው ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ። የጃንጉ አስተማሪ ማግኔቱን እያሳየ ኤሌክትሪክ እዚህ አይኖርም ማለቱ አሁን ለልጆቹ ይገባቸዋል። ማግኔቱ እጁ ላይ ነበር እኮ!

ሰላም የጠየቀው ቀጣዩን ነው። ደካማው ኃይልስ የዚሁ ቤተሰብ ቢሆንስ? ችግሩ ሁለቱ በጭራሽ አይመሳሰሉም። የኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይል ተሸካሚ ፎቶን ነው። ክብደት የለውም፤ ከፀሐይ እዚህ ድረስ በ8 ደቂቃ ይመጣል። ደካማው ኃይል ግን የፕሮቶንን ስፋት አንድ ሺህኛ ያህል ብቻ ተጉዞ ያልቃል። ተሸካሚዎቹ ከባድ ስለሆኑ ነው። ደብልዩ ቅንጣት የፕሮቶንን 86 እጥፍ፣ ዜድ ቅንጣት 97 እጥፍ ያህል ይመዝናሉ። አንዱ ክብደት የሌለው፣ ሌላው ይህን ያህል ከባድ። እንዴት ወንድማማች ይሆናሉ?

ለዚህ ልጆቹን በክብ አስቀምጣቸዋለሁ። በየሁለቱ ልጅ መሐል አንድ እስክሪብቶ አደርጋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ በቀኙም በግራውም እስክሪብቶ አለው። የቱ የኔ ነው? አይታወቅም። ክቡ ቀኝና ግራን አያበላልጥም። «አንድ ሰው ያንሳ» እላለሁ። አንዱ ቀኙን ያነሳል። አሁን ሌላው ሁሉ ቀኙን ከማንሳት ሌላ ምርጫ የለውም። ሕጉ አሁንም ቀኝና ግራን እኩል ያያል፤ የተገኘው ውጤት ግን አንድ ወገን ይዟል። ፊዚሲስቶች ይህን «የሲሜትሪ መሰበር» ይሉታል። ሁለቱ ኃይሎች ከመሠረታቸው አንድ ሕግ አላቸው፤ እኛ የምናየው ከተሰበረ በኋላ ያለውን ነው። ለአንዱ ተሸካሚ ክብደት ሰጥቶ ሌላውን ያለ ክብደት የተወው ይህ መሰበር ነው። ምሳሌው ሁሉን አይናገርም፤ ክብደቱ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ሒሳቡ ያስፈልጋል። ይህንንም አልደብቃቸውም። «ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ሒሳቡ ይጠብቃችኋል» እላቸዋለሁ።

አሜሪካዊው ፊዚሲስት ዋይንበርግ ይህን ሐሳብ በ1967 ጻፈው፤ ሰላም በ1968። ሌላው አሜሪካዊ ግላሾው ቀደም ብሎ መንገዱን ጀምሮት ነበር። ለጥቂት ዓመታት ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ1973 ጄኔቫ አጠገብ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ሐሳቡ የተነበየውን አንድ ዓይነት የደካማ ኃይል ግጭት አገኘ። ሦስቱም በ1979 ኖቤል ተሸለሙ። ደብልዩና ዜድ ራሳቸው የተገኙት ግን በ1983 ነው። ሽልማቱ ቅንጣቶቹ ሳይያዙ ቀደመ ማለት ነው። ልጆቹ እዚህ ላይ «ባይገኙስ ኖሮ?» ይላሉ። ይበሉ።

አሁን ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ክፍል ላይ ደረስን። አንዲት ሌሊትና አንድ መልእክት። ለዚህ መስታወት ይዛችሁ ኑ።

ልጆቹ ቀኝ እጃቸውን መስታወት ፊት ያንሱ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው ግራውን ያነሳል። እስከ 1956 ድረስ ፊዚሲስቶች ተፈጥሮ ለመስታወቱ ዓለምና ለእኛ ዓለም ያላት ሕግ አንድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በዚያ ዓመት ሊ እና ያንግ የተባሉ ሁለት ቻይናውያን ይህ ለደካማው ኃይል ተፈትኖ አያውቅም አሉ። ሰላም ያንግ ስለዚህ ሲናገር አሜሪካ ውስጥ ሰማ። ወደ ለንደን የተመለሰው በማይመች የወታደር ማጓጓዣ አውሮፕላን ነው። የወታደር ልጆች ሲያለቅሱ ያድራሉ። እንቅልፍ አልወሰደውም። ዶክትሬቱን ሲፈተን ሩዶልፍ ፓየርልስ የጠየቀው ጥያቄ ትዝ አለው፤ ኒውትሪኖ የሚባለው እጅግ ትንሽ ቅንጣት ለምን ክብደት የለውም? በዚያች ሌሊት መልሱ መጣለት። ተፈጥሮ ቀኝና ግራን ከለየች ኒውትሪኖ ክብደት ላይኖረው ይችላል።

ወደ ካምብሪጅ ሮጠ፣ ሒሳቡን ሠራ፣ ባቡር ተሳፍሮ በርሚንግሃም ድረስ ሄደና ለፓየርልስ ነገረው። ፓየርልስ አላመነም። ከዚያ ወረቀቱ ለታላቁ ፊዚሲስት ለቮልፍጋንግ ፓውሊ ደረሰ። ፓውሊ የመለሰለት መልእክት አጭር ነበር። ለወዳጄ ለሰላም ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ የተሻለ ነገር እንዲያስብ ንገሩት።

እዚህ ላይ ልጆቹን «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?» በሏቸው። መልሱን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ስማቸውን አይጻፉበት። እኔ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አብዛኛው «እተወዋለሁ» ይላል። አንድ ዓመት አንዱ ልጅ «አስተማሪ ካላመነኝ እኔም ራሴን አላምንም» ብሎ ጽፎ ነበር። ያን ቀን ፕሮግራሙን ያቆምኩት እዚያ ላይ ነው። የቀረውን ጊዜ ስለዚያች ዓረፍተ ነገር ተነጋገርን። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ሰዓቱን አትዩ።

ታሪኩ እንዲህ አለቀ። በ1957 መጀመሪያ ቺየን-ሺዩንግ ዉ የተባለች ሳይንቲስት በኮባልት-60 ያደረገችው ሙከራ ተሰማ። ደካማው ኃይል ቀኝና ግራን ይለያል። ፓውሊ ለሰላም ይቅርታ ጠይቆ ጻፈ። የሰላም ጽሑፍም በዚያው ዓመት ታተመ። የዚያ ዓመት ኖቤል ግን የሊ እና የያንግ ሆነ። አንድ ነገር እጨምራለሁ። ኒውትሪኖ እጅግ ጥቂት ክብደት እንዳለው ዛሬ ታውቋል። ያች የሌሊት ሐሳብ እንኳ ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረችም። ይህን መንገር አትፍሩ። ልጆች ይወዱታል።

ቀጥሎ ያለው ለእኔ ከባዱ ነው። በ1951 ሰላም ካምብሪጅን ትቶ አገሩን ሊያገለግል ላሆር ተመለሰ። ምርምሩን እርሳው ተባለ። ከማስተማሩ በተጨማሪ ከሦስት ሥራ አንዱን ምረጥ አሉት፤ የገንዘብ ኃላፊነት፣ የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊነት ወይም የእግር ኳስ ክለብ። እግር ኳሱን መረጠ። የሚያወያየው ፊዚሲስት በአቅራቢያው አልነበረም። አዲስ መጽሔት አይደርሰውም። በ1954 ተመልሶ ወደ ካምብሪጅ ሄደ። አገሩንና ሙያውን ማስታረቅ አቃተው።

ይህን ስናገር የራሴን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ የተመደብኩት ከጎንደር በአውቶብስ ግማሽ ቀን በሚወስድ ወረዳ ነው። የፊዚክስ አስተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ፊዚክስ የማወራው ሰው አልነበረኝም። አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ማታ እጽፈዋለሁ፤ ጠዋት ይረሳኛል። ቀስ እያልኩ ጥያቄው ራሱ መምጣት አቆመ። የሰላምን ሕይወት ሳነብ የተያዝኩት ኖቤሉ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ልጆቹ ይህን እንዲያውቁት እንቆቅልሽ እሰጣለሁ። ስምንት ሳንቲም አለ፤ አንዱ ብቻ ይቀላል። ሚዛን ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠቅማችሁ አግኙት። አራት ልጆች አብረው ይሠራሉ። አንድ ልጅ ኮሪደር ላይ ለብቻው። ቡድኑ ሁልጊዜ አይቀድምም። ብቻውን የነበረው ልጅ ሲገባ ግን የመጀመሪያ ቃሉ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «የምጠይቀው ሰው አልነበረም»።

ያኔ ትሪየስትን አነሳለሁ። በ1964 ሰላም በጣሊያኗ የወደብ ከተማ ትሪየስት ዓለም አቀፍ የቲዮሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል አቋቋመ። እስከ 1993 ድረስ መራው። ከድሃ አገር የመጣ ፊዚሲስት አገሩን ሳይለቅ በየተወሰነ ጊዜ እዚያ ሄዶ ጥቂት ወራት ይቀመጣል። ቤተ መጻሕፍት አለ። ወንበር አለ። የሚያወራው ሰው አለ። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። ከኢትዮጵያ የሄዱ የፊዚክስ መምህራንም አሉ። ዛሬ ማዕከሉ በሰላም ስም ይጠራል። ለምረቃ የደረሱ ተማሪዎች ካሏችሁ ስለ ማዕከሉ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ንገሯቸው፤ ወጪው ይሸፈናል። ትምህርቶቹን በኢንተርኔት በነፃ ማየትም ይቻላል። ሰላም የኖቤል ድርሻውን በሙሉ ለታዳጊ አገር ፊዚሲስቶች አዋለው። ለራሱም ለቤተሰቡም አላደረገውም።

ስለ ሃይማኖቱ ይጠየቃል። ጎንደር ክርስቲያንም ሙስሊምም ልጆች አብረው የሚማሩባት ከተማ ናት፤ በጥንቃቄ ግን ሳትሸሹ መልሱ። ሰላም አሕመዲያ የሚባል ወገን አማኝ ነበር። በ1974 የፓኪስታን ሕግ አሕመዲያዎች ሙስሊም አይደሉም አለ። እሱ ያኔ የመንግሥት የሳይንስ አማካሪ ነበር፤ ሥራውን ለቀቀ። ዜግነቱን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለወጠም። ስቶክሆልም ላይ ኖቤሉን ሲቀበል ጥምጣምና የአገሩን ልብስ ለብሶ ነበር። «ጋቢ ለብሶ እንደመሄድ ነው?» አለኝ አንዱ። አዎ፣ እንደዚያ ነው። በ1996 ኦክስፎርድ ሞተ፤ ፓኪስታን ራብዋ ተቀበረ። መቃብሩ ላይ የመጀመሪያው ሙስሊም የኖቤል ተሸላሚ የሚል ጽሑፍ ነበር፤ «ሙስሊም» የሚለውን ቃል ፋቁት። ይህን ስናገር ክፍሉ ዝም ይላል። እኔም አስተያየት አልጨምርበትም።

መጨረሻ ላይ ንግግር አታድርጉ። ጥያቄ ሰብስቡ። እኔ ለዚህ የተለየ ደብተር አለኝ። የማውቀውን እዚያው እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን እጽፈዋለሁ። ዘንድሮ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቀረች። የሙዙን ልጣጭ እያጠፈች ነበር። «ቲቸር፣» አለችኝ፣ «ጃንግ ውስጥ መጀመሪያ የነበረው ስበት አይደል? ታዲያ እሱ ለምን እስካሁን ለብቻው ቀረ?» ስበትን ከሌሎቹ ጋር ያዋሃደ ሰው እስካሁን የለም። ይህንኑ ነገርኳት። ደብተሩን ተቀብላኝ ጥያቄውን በራሷ እጅ ጻፈችው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የምንጀምረው ከእሱ ነው።